ሦስት ክብሪት

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሐዋሳ ጎረቤቴ የግቢውን ደረቅ ሣር ሲያቃጥል ሰፈሩ ሁሉ እየተራገመ መስኮቱን ዘጋ፤ እኔ ግን የኔን ወለል አድርጌ ከፍቼ ቆምኩ። የሣር ጭስ ሲሸተኝ የት እንዳለሁ ይጠፋኛል። ዘጠኝ ዓመቴ ይሆናል፣ ነገሌ ነኝ፣ አባቴም ካኪ ቁምጣውን ለብሶ ያቺን ካልተገፋች የማትነሳ ላንድሮቨር እያባበላት ነው።

አባቴ በአገራችን የዱር አራዊት ጥበቃን ከጀመሩት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበር፤ ከጦር ሰፈሩ አጥር ሥር ቆርቆሮ ቤት ተከራይተን ስንገባ ግን ይህን ማን ያውቅለታል? የወታደር ሚስቶቹ «ባለቤትሽ ሥራቸው ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቋት እናቴ «የመንግሥት ሠራተኛ ነው» ብላ ወሬ ትቀይራለች። ወፍ ይጠብቃል ማለቱ አፏ ላይ አልመጣ ብሏት ነበር። ቦረናዎቹ ግን «አባ ሲምቢሮ»፣ የወፍ አባት፣ አሉት፤ እሱም ይህን ስም ከገዛ ስሙ አብልጦ ወደደው። አንድ ቀን ከካሚዮን ሆነው ሚዳቋ ላይ የሚተኩሱ ወታደሮችን ደብተሩን ብቻ ይዞ መንገድ ላይ ተገትሮ አስቆማቸው። መቶ አለቃው ከት ብሎ ስቆ፣ ጋቢና አስገብቶ ቤት ድረስ አመጣው። እናቴ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈችው።

ፍቅሩ ያረፈው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ በተዘረጋው የሊበን ሜዳ ላይ በምትኖር አንዲት ወፍ ላይ ነው። ትንሽ፣ ቡናማ፣ ሲያዩዋት እንኳን እዚህ ግባ የማትባል። ሣር ለሣር ስትሮጥ ቆይታ ድንገት ብድግ ትልና አየር ላይ ቆማ ትዘምራለች። ጠዋት ጠዋት ጤዛው ጀርባችንን እያራሰው፣ የከብቶቹ የእንጨት ቃጭል ከሩቅ እየተሰማን፣ ሣሩ ውስጥ ተንጋለን እናዳምጣታለን። «ከዚህ ሜዳ ሌላ ቤት የላትም» ይለኛል በሹክሹክታ፣ ወፏ እንዳትሰማውና እንዳይከፋት የፈራ ይመስል።

ቦረናዎቹ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ሜዳውን ያቃጥሉት ነበር። አባቴ እሳቱን ባየ ቁጥር የሚያደርገው ይጠፋው ስለነበር፣ ማቃጠል የሚከለክል ትእዛዝ ከላይ ሲወርድ እንደ ምሥራች ነው የተቀበለው፤ መንደር ለመንደር እየዞረም ያስከበረው እሱ ነው። አልሰማ ያሉት አባ ጃተኒ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አባ ጃተኒ ትልቅ ትንሽ ሳይሉ ሰውን ሁሉ «አንተ» ነው የሚሉት፤ ማንም ቅር አይለውም።

«ናጋ፣ አባ ሲምቢሮ?» አሉት ትእዛዙን ሊነግራቸው የሄደ ዕለት፣ ለሰላምታ የያዙትን እጁን ሳይለቁ። «አንተ ወፉን ታውቃለህ፣ ሣሩን አታውቅም። ይሄ ሜዳ ኢቢዳ፣ እሳት፣ ካልቀመሰ እሾህ ይበላዋል።»

«እሳቱ ጎጆዋን ያቃጥላል እኮ፣ አባ ጃተኒ» አለ አባቴ።

በዓመቱ አባ ጃተኒ ሜዳውን አቃጠሉት። አባቴ ጽፎ አመለከተ፤ አባ ጃተኒ ሁለት ወር ታሰሩ። እናቴ በየቀኑ ስንቅ ታመላልስላቸው ነበር፣ ከአባቴ ጋር ግን አንድ ቃል አትነጋገርም። እኔም እከተላት ነበር። ሽማግሌው በልተው ይመርቁንና፣ ያለ አንዳች ቂም፣ «ሲምቢሮዋ ደህና ናት?» ብለው ይጠይቁኛል። ደህና ናት እላቸዋለሁ፤ ያኔ እውነትም ደህና ነበረች።

ከዚያ ወዲህ የሚያቃጥል ጠፋ። መጀመሪያ ሣሩ ሲያድግ አባቴ እንደ ልጅ ፈነጠዘ። ቀጥሎ ቁጥቋጦው መጣ። እኔና ቁጥቋጦው አብረን አደግን፤ አንድ ዓመት ጉልበቴ ላይ ነበር፣ ሌላ ዓመት ወገቤ ላይ፣ አሥራ አራት ሲሞላኝ በቁመት በለጠኝ። እሾሁ ሥር ያለው መሬት ተራቁቶ ቀይ አፈር ብቻ ሆነ። ወፏ ደግሞ ቁጥቋጦ ውስጥ አትገባም። በአንድ ጠዋት አሥር ወፎች እንሰማ የነበረው ሦስት ሆነ፣ ከዚያም ተንጋለን ተንጋለን፣ አንድም ሳንሰማ፣ ፀሐይ አናታችን ላይ የወጣበት ጠዋት መጣ። አባቴ ደብተሩን ምንም ሳይጽፍበት አጠፈው።

ያን ቀን ከጉራጌው ባለሱቅ አንድ ክብሪት ገዛና ይዞኝ አባ ጃተኒ ዘንድ ሄደ። እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ትከሻውን ይዘው አስቀሩት።

«በድዬዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለ። «ይኸው ክብሪቱ፣ ያንድዱት።»

«አንተ አንድደው» አሉት።

ሜዳው ላይ ወጥተን አባቴ ቁጥቋጦው ሥር ተንበረከከ። የመጀመሪያው ክብሪት ጥቂት ጭራሮ ልሶ ጠፋ። ሁለተኛው ጨሰ። ሦስተኛው ጣቱን አቃጠለው፣ እሱ ግን አልጣለውም።

አባ ጃተኒ ቀዩን አፈር በበትራቸው ነካ ነካ አደረጉት። «እሳትም ሣር ነው የሚበላው። ማርጋው፣ ሣሩ፣ የት አለ? ዘገየህ፣ ልጄ።»

ሁልጊዜ አባ ሲምቢሮ ነበር የሚሉት። «ልጄ» ሲሉት አባቴ አለቀሰ፤ ሲያለቅስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዓመታት በኋላ አባቴ ተቀብሮ ስንመለስ ድንኳኑ ውስጥ ያዳናቸው እንስሳት ተዘረዘሩ፣ ሽልማቶቹም ተነበቡ። ሁሉም እውነት ነው፤ አባቴ ብዙ አድኗል። ከመሳቢያው ያገኘሁት ግን ሦስት እንጨት የጎደለውን ያንን ክብሪት ነው፤ እናቴን አንድ ቀን እንኳ አላስነካትም። አምና ነገሌ ሄጄ የቀረችውን ሣር ፈልጌ፣ በዚህ ዕድሜዬ መሬት ላይ ተንጋልዬ እስከ እኩለ ቀን አዳመጥኩ። የፍየል ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት።

የጎረቤቴ ሣር ግን አንድ ክብሪት በቃው። ነበልባሉ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ሲሮጥበት፣ መስኮቴ ላይ ቆሜ አየሁት።