በአውራ ጣቴ ያተምኩት መልስ

ጎረቤቴ የልጄን ደብዳቤ አጣሞ አነበበልኝ። ጡረታ የወጣ ጸሐፊ ነው፤ የሰፈራችን ደብዳቤ ሁሉ በእሱ አፍ ያልፍ ነበር። እኔ ድንጋይ ጠራቢ ነኝ፤ ያኔ ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም ነበር።

ልጄ ወታደር ነው። ሰላም አስከብር ተብሎ ሰው አገር ከሄደ በኋላ ጦርነቱ እኛው ቤት ገባ። መቐለ ስልክ የለ፣ ባንክ የለ። ደብዳቤው የመጣው በእርዳታ መኪና ሾፌር ኪስ ነው። ባለቤቴ ልቧን ታማ ከዓይደር ሆስፒታል ከተመለሰች ሳምንት አልሞላትም፤ ልትሰማ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ደህና ነኝ ይላል» አለ ጎረቤቴ። «በቅርቡ በአውሮፕላን ይመልሱናል ይላል።»

ባለቤቴ እልል አለች። እኔም መልስ አስጻፍኩ፦ «ቶሎ ና። እናትህ በዓይኗ ልታይህ ትፈልጋለች።» አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ከሥሩ አተምኩና በዚያው ሾፌር ላክሁ።

ከዚያ ወሬ የለም። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ሰው ቦምብ ፈርቶ ግድግዳ ሥር ይወሸቃል፤ እኔ ሞኙ አንጋጥጬ ልጄን እፈልጋለሁ።

ትምህርት ቤት ስለተዘጋ አንዲት አስተማሪ በግቢዋ ለእኛ ለትልልቆቹ ፊደል ታስቆጥር ጀመር። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ሄድኩ። ጎረቤቴን «እስቲ ድገምልኝ» ማለት መሮኛል፤ ደግሞም በደገመ ቁጥር ቃሉ ይለዋወጣል። ስድስት ወር ፈጀብኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ደብዳቤውን ዘርግቼ፣ እንደ ድንጋይ አንድ በአንድ እየፈነቀልኩ አነበብኩት።

«አቦይ፣ ተመለሱ ተብለናል። ቀድመው ከተሳፈሩት የትግራይ ጓደኞቼ አንድም ወሬ አልመጣም። ፈርቻለሁ። ልሳፈር ወይስ እዚሁ ስደተኛ ልሁን? እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ።»

እርስዎ ያሉኝን። እኔ ያልኩት «ና» ነው።

የጎረቤቴን በር ሳላንኳኳ ገባሁ። ወረቀቱን በእጄ ሲያይ ገባው።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ሚስትህ ፊት እንዴት ላንብበው? ክፉ ወሬ እኮ በድንገት አይነገርም። ቀን ይመረጥለታል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል…»

«መርዶ መሰለህ? ልጄ በሕይወት እያለ ጠየቀኝ እኮ! ‹ና› ብሎ የጻፈውስ የማን እጅ ነው?»

«አንተ ያልከውን ጻፍኩ።»

ልመታው ነበር። ትቼው ወጣሁ። ለባለቤቴም አልነገርኳትም፤ እንደ እሱ ዋሸሁ። አምስት ወር ሙሉ አውሮፕላን ስሰማ አንገቴን ደፋሁ። መዶሻ ስይዝ አውራ ጣቴን ላለማየት ዓይኔን አዞራለሁ።

ስልክ ተከፈተ፤ አንድ የውጭ ቁጥር ደወለ።

«አቦይ፣ አልተሳፈርኩም። መልስዎ የደረሰኝ አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላ ነው። መጠለያ ጣቢያ ነኝ። ተቆጡኝ?»

«ያንን ወረቀት ቅደደው» አልኩት።

ጎረቤቴን እስከ ዛሬ ሰላም አልለውም። ስልኩን እንደዘጋሁ ግን ወረቀት ፈልጌ በገዛ እጄ ለልጄ ጻፍኩ። ሁለት ቃል ናት፦ «እዚያው ቆይ።» ከሥሩ ጣቴን አላተምኩም፤ ቀኑን ጻፍኩ፦ ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.