የሰማኝ ቀኝ እጅ

ይህን ለምታነቡ ሁሉ በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ልጅ ከወለድሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከደብዳቤ በቀር ጽፌ አላውቅም። የተማረ ሰው ቢጽፈው ይሻል ነበር፤ የተማሩት ግን ሰማኝን አያውቁትም። እኔ አሽቀሎን ውስጥ፣ ግቫት ጺዮን በሚባል ሰፈር፣ ከቤታቸው ጎን ነው የምኖር፤ ግድግዳው ስስ ነውና ብዙ እሰማለሁ። የቀረውን እሱው ነግሮኛል። ስሕተት ብታገኙ የኔ ነው፣ የሱ አይደለም።

ሰማኝ ታፈረ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ከአጎቱ ጋር በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል መጣ። እናት አባቱ ጎንደር ቀሩ። እሱ እዚህ በአዳሪ ትምህርት ቤት አደገ፣ ዕድሜው ሲደርስም ጦር ገባ። እናት አባቱ ከሰባት ዓመት በኋላ በዘመቻ ሰሎሞን መጡና በመጨረሻ አሽቀሎን ላይ አንድ ቤት ገቡ።

ጦሩ ሰማኝን የወታደር ፖሊስ አደረገው። እሱ አልመረጠውም። ቁመቱ ረጅም፣ አፉ ቁጥብ ነው፤ ለዚህ ሥራ ይሆናል አሉ፣ ሆነ። ሥራው መቆም ነው። አውቶቡስ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ የሚያልፈውን ወታደር ያስቆማል። የፈቃድ ወረቀትህ የት አለ? ቆብህስ? ጫማህን መቼ ነው የቦረሽኸው? ይላል፣ ይጽፋል። ወታደሩ እርግማኑን በጥርሱ ይዞ ያልፋል። ሳምንቱን ሙሉ ሲረገም ሰንብቶ ዓርብ ቤቱ ሲመጣ ደግሞ ሰፈሩ አለ። ልጇ ከጦር ጠፍቶ ቤት የተደበቀ እናት ሰማኝን ደረጃው ሥር ስታየው መስኮቷን ትዘጋለች። እሱ የመጣው እግሩን ሊዘረጋ ነው፤ ለሷ ግን ልጇን ሊወስድባት የመጣ ይመስላታል።

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሊጨርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በፈረንጅ በዘጠና ሦስት በጋ ላይ ነው፣ አለቃው ኢሪት ጠራችው። ገና የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፣ መኮንን ናት።

"ትላልቅ ሰዎችን የሚያጅብ እየፈለጉ ነው፤ ከወታደር ፖሊስ የወጣ ይወዳሉ። ስምህን ሰጥቻለሁ" አለችው።

ሰማኝ ደስ አለው። ሰው ከመያዝ ሰው መጠበቅ ይሻላል ብሎ አሰበ። አጃቢነቱ ካልሆነለት የቀረው ወይ እኔ የምሠራበት የፕላስቲክ ፋብሪካ ነው፣ ወይ ደሞዝተኛ ወታደር ሆኖ ያው የአውቶቡስ ጣቢያው በር።

ፈተናው ሦስት ቀን ነበር። ሩጫውን አለፈ፣ ተኩሱን አለፈ። የመጨረሻው ገበያ ውስጥ ነው። ያሪቭ የሚባል ራሰ በራ ፈታኝ ትልቅ ሰው ሆኖ በአሽቀሎን ገበያ መሃል ይሄዳል፤ ተፈታኞቹ ይከቡታል፤ ከፈታኞቹ ሌላው ከተደበቀበት ብቅ ብሎ ሊገድለው ይሞክራል። ጠመንጃ የለም፣ ጣት ነው የሚቀሰር። ሰማኝ በቀኝ በኩል ነበር። በዚያ ሙቀት ካፖርት የለበሰ ሰው መኖሩን ከሁሉ ቀድሞ ያየው እሱ ነው፤ ያሪቭን ገፋ አድርጎ በሌላ መንገድ ወሰደው። ዓሣ ሻጮቹን አለፉ። ከገበያው ለመውጣት ጥቂት እርምጃ ነው የቀረው፤ ልቡ አልፈሃል ይለዋል።

ሽንኩርቱ ክምር አጠገብ እማማ ፋንታነሽ ቆመዋል። የአቲቆት ሰፈር ሰው ናቸው፣ እሳቸውም በዘመቻው የመጡ። ፈተና መሆኑን በምን ይወቁት? የሚያዩት አንድ የአገር ልጅ ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ የፈረንጁን ፊደል የሚያውቅ የሚመስል። ከነጠላቸው ጫፍ ፖስታ ፈትተው ዘረጉለት።

"የኔ ልጅ፣ ይችን ታነብልኝ? ከሐኪም ቤት ናት። ይዣት ስዞር ሦስት ቀኔ።"

ሰማኝ ምንም አላሰበም። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላቸው።

ያን ጊዜ ከሐብሐቡ ኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ ጣቱን ያሪቭ ጀርባ ላይ ደገነ። "ሞተሃል" አለው። ሁሉም ቆሙ። ሰማኝም ፖስታውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

"ምን ትላለች ልጄ?" አሉ እማማ ፋንታነሽ።

ምን ያድርግ፣ አነበበላቸው። "ደምዎን የሚመረመሩበት ቀን ነው እማማ። ያለፈው እሑድ ነበር።"

"እሑድማ አለፈ።"

"አለፈ። ሄደው ሌላ ቀን ያስጽፉ።"

"እኔ ሞቼ አንተ ፖስታ ታነባለህ?" አለው ያሪቭ። ቢቆጣ ይሻል ነበር፤ እሱ ግን ፈገግ ነው ያለ። ሰማኝን ያደከመው ይኸ ነው።

ወደ ጥላው ወሰደውና አጠገቡ ተቀመጠ። "ዓይንህ ከሁሉም ይበልጣል። ቀኝ እጅህ ግን ያንተ አይደለችም፣ የምትጠብቀው ሰው ናት። ቀኝ እጅህ አትጨብጥም፣ አትሸከምም፣ አትቀበልም። መቀበል ግድ ከሆነ በግራህ ነው፣ ቀና ብለህ።"

"አሮጊት ብትሆንስ?"

"እናትህም ብትሆን። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ፈተና አለ። እስከዚያ በወታደር ፖሊስነቱ ከቆየህ ስምህን አቆይልሃለሁ፤ ከወጣህ ግን እንደ አዲስ ተሰለፍ። ነገ ጠዋት ለኢሪት መልስህን ስጥ።"

ሰማኝ ማታ ቤቱ ገብቶ ጫማውን እየፈታ "ወደቅሁ" አለ።

"በምን?" አሉ አባቱ፣ አቶ ታፈረ።

"በእጄ።"

"ማ ዜ? ምንድን ነው እሱ? በእጅ ደግሞ ይወደቃል?" አለች ታናሽ እኅቱ ውቢት። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ አፏን ግማሹን ዕብራይስጥ ወስዶታል።

ሁሉንም ነገራቸው። ውቢት ቶሎ ተነሥታ አሠለጥንሃለሁ አለችው። ብርጭቆ ሰጠችው፣ በግራው ተቀበለ። ደብተር ሰጠችው፣ በግራው ተቀበለ።

"በሰደር፣ ደህና ነው፣ አለፍህ" አለችው።

"አንቺማ ታናሼ ነሽ፣ ላንቺ በእግሬም እቀበላለሁ። እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይስጡኝ።"

እናቱ እትዬ ባይነሽ ዳቦ እየቆረሱ ነበር። "እኔ? ልጄን በግራው? የጎረቤት ውሻ እንኳ ከኔ እጅ በወግ ነው የሚቀበል" አሉ።

አቶ ታፈረ ዳቦውን ከእጃቸው ወሰዱ። "አምጪው፣ እኔ አሮጊቷን እሆናለሁ።" ጋቢያቸውን አናታቸው ላይ ጣል አደረጉ፤ ወገባቸውን ይዘው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው፣ "የኔ ልጅ፣ ይችን ታነብልኝ?" አሉ። ውቢት በሳቅ ፈረሰች። ሰማኝ ቀጥ ብሎ ግራውን ዘረጋ። ቀኙ ተከተለች፣ ወገቡም አብሮ ታጠፈ።

"ሞትሁ" አሉ አባቱ። "እንደገና።"

አራት ጊዜ ሞቱ። በአምስተኛው ሰማኝ ቀኝ እጁን ቀበቶው ውስጥ ሻጠና ዳቦውን በግራው ብቻ፣ ቀና ብሎ ተቀበለ። አሁን የሳቀ የለም። አቶ ታፈረ ጋቢውን ከራሳቸው አውርደው ተቀመጡ።

"የመጣን ሰሞን፣ መንግሥት ባሳረፈን ሆቴል ውስጥ፣ ልትጠይቀን ስትመጣ ብርቱካን ሰጠሁህ። ልክ እንዲህ አድርገህ ነው የተቀበልኸኝ። ይኸ የሆቴሉ ሰው ነው እንጂ ልጄ አይደለም አልሁ በሆዴ።"

"አውቃለሁ አባባ። አጎቴ ነገረኝ። ከዚያ ጦር ሰፈር ተመልሼ፣ ሰው ከክፍሉ ሲወጣ፣ ትራሴን በሁለት እጄ እየተቀበልሁ ተለማመድሁ።"

"ትራስ?" አለች ውቢት።

"ለመልመዱ ስንት ፈጀብህ?" አሉ አባቱ።

"ዓመት ከመንፈቅ።"

"ለመርሳቱ ስድስት ወር ሰጡህ። ትፈልገዋለህ ሥራውን?"

"እፈልገዋለሁ። ሰው መያዝ ሰልችቶኛል አባባ። ግን ደግሞ ስድስት ወር እዚያ በር ላይ መቆሙ... እግሬን ሳስበው ያመኛል።"

"እንግዲያ ሥራህ ላይ በግራህ ተቀበል። ከኔ ደጃፍ ስትገባ እጅህን ሁለት አድርገህ ግባ።"

"እጅ ደጃፍ የሚያውቅ መስሎዎት?"

"አያውቅም" አሉ አቶ ታፈረ። ዳቦውን ቆርሰው ተካፈሉ፤ በዚያች ማታ ከዚህ ሌላ ያወሩት አልሰማሁም።

በማግስቱ ጠዋት ሰማኝ ልብሱን ተኩሶ ኢሪት ቢሮ ሄደ። የስድስት ወሩን ወረቀት ሰጠችው፣ በግራው ተቀበለ፣ ፈረመ። እሷ ልብም አላለችው። ከዚያ በቀጥታ አውቶቡስ ጣቢያው በር ላይ ቆመ። የመጀመሪያው ወታደር የፈቃድ ወረቀቱን ሲዘረጋለት በግራው ተቀበለ። ሁለተኛውንም እንዲሁ፣ ሦስተኛውንም። አራተኛው በየዓመቱ ለሚደረገው የተጠባባቂ ጦር ግዳጅ የተጠራ ሽበታም ነበር፣ በዕድሜ አባቱን የሚያህል። የሰማኝ ቀኝ እጅ ወጣች፣ ወገቡም መታጠፍ ጀመረ። መለሳት፣ ከጀርባው አደረጋት፣ ወረቀቱን በግራው ተቀብሎ አነበበና ሰውየውን "መልካም መንገድ፣ አባባ" አለው በአማርኛ። ሰውየው ምን እንደተባለ አልገባውም፣ አለፈ። ሰማኝም ቀጣዩን አስቆመ።