ለእማ ክፍል የዲሽ መስመር

ከደሴ በወጣንበት ሌሊት ሊነጋጋ ሲል፣ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ እያለ፣ እናቴ የዳቦ ቆሎ የያዘ ፌስታል በመስኮት አቀበለችኝና «የራስሽ ቤት ሲኖርሽ እመጣለሁ። በኪራይ ቤት የሰው ፊት አላይም» አለችኝ። የምንሄደው ባለቤቴ አዲስ አበባ የሹፍርና ሥራ ስላገኘ ነበር። እኔ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ እስክንደርስ አንገቴን ወደ ኋላ እንዳዞርኩ ነው።

መጀመሪያ የገባነው ቦሌ፣ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር አንድ ሰርቪስ ቤት ነው። እናንተ ደሴ ያላችሁት ቦሌ ሲባል ፎቁን ታስባላችሁ፤ እኛ የነበርነው ከፎቁ ጓሮ ነው። አከራያችን እትዬ አስካለ ሚስማር እንኳ አያስመቱም። ዲሽ እናስገባ ብለን ብንጠይቃቸው፣

«ግድግዳዬን ልትበሱት?» አሉ።

«ኬብሉን በመስኮት እናስገባዋለን።»

«መስኮቱስ የማን ነው? ደግሞ እኔ ዜና ስከፍት ይሰማችሁ የለ?»

እውነታቸውን ነው፣ ይሰማል። አራት ዓመት ሙሉ ቴሌቪዥንን በጆሮዬ ብቻ ተከታተልኩ። እማ አንድም ቀን አልመጣችም። ነይ ባልኳት ቁጥር መልሷ «ቤት አገኘሽ?» ነበር።

ዘንድሮ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ደረሰን። ቤቱን የተረከብነው ሳይለሰን ነው። ዲሽ ሠሪው ጋሽ ታረቀኝ፣ ልሳኙ ከመግባቱ በፊት ግድግዳው ተቦርቡሮ ኬብሉ በቱቦ መቀበር አለበት፣ ከተለሰነ በኋላ ማፍረስ ነው አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እግሬም እጄም አላረፈ። ባዶውን ቤት ስዞር ውዬ ደብተር ላይ ስስለው አመሻለሁ። ሳሎኑ ወዲያው አለቀልኝ፤ ትንሿን ክፍል ግን ስድስቴ ሰረዝኳት። ያቺ ክፍል የእማ ናት።

«አንዱን ኬብል ለሁለት ብንከፍለውስ?» አልኳቸው።

«አይሆንም እህቴ። እናትሽ ቻናል ሲቀይሩ የእናንተ ይጠፋል። ለእሳቸው የራሳቸው መስመር ከጣራ ይውረድ።»

ደስ አለኝ። እማ የመካን ቀጥታ ስርጭት እያየች ማንም ወደ ኳስ አይቀይርባትም። ጋሽ ታረቀኝ ከመስኮቱ ትይዩ ያለውን ግድግዳ በጠመኔ ሲያሰምሩበት ግን ጮህኩ።

«እሱ እኮ ቂብላ ነው! ስትሰግድ ፊቷ ቴሌቪዥን ሊቆም ነው?»

እሳቸው ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ቢሆንም ወዲያው ገባቸው። ምልክቱን በእጃቸው አጠፉና «ታዲያ አልጋው በየት በኩል ነው? አልጋውን ሳላውቅ ኬብሉን የት ላውጣው?» አሉኝ። ለእማ ክፍል አዘጋጃለሁ ስል፣ ምን እንደሚመቻት ለካ ጠይቄያት አላውቅም። ደወልኩላት።

«እማ፣ አልጋሽን በየት በኩል ላድርገው? የቴሌቪዥንሽ ኬብል ሊቀበር ነው።»

«ለእንግዳ በሚመቸው አድርጊው ልጄ።»

«የምን እንግዳ? ክፍሉ ያንቺ ነው። ቤት ሲኖርሽ እመጣለሁ ብለሽ የለ?»

«ያኔ እያለቀስሽ እንዳትሄጂ ብዬ ነው» አለች። «የአባትሽን ቀብር ማን ይዘይርልኛል? አብሽሪ፣ ለዒድ እናንተ ትመጣላችሁ።»

ተናደድኩባት፤ ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በላችው። አራት ዓመት እኔ ቤት ስፈልግ እሷ ቤቱ እንዳይገኝ ስትፈራ ኖራለች። ጋሽ ታረቀኝ መሮና መዶሻቸውን ይዘው ያዩኛል። «ልሳኙ ነገ ጠዋት ይገባል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ልቦርቡር ወይስ ልተወው?»

ስልኩን አልዘጋሁም።

«እማ፣ አልጋው ከመስኮቱ ሥር ቢሆንስ?»

«ብርድ አለ እንዴ እዚያ?»

«የሰሚት ንፋስ የደሴን ያስንቃል።»

«እንግዲያስ ከመስኮቱ አርቂልኝ» አለች።

ለጋሽ ታረቀኝ ከበሩ አጠገብ ያለውን ግድግዳ በጣቴ አሳየኋቸውና «እዚህ ጋ ቦርቡሩት» አልኳቸው።