ጭኔ ላይ ይዤው የሄድኩት ሞኒተር

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ በጋው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። በዕድሜዬ ስንት የከበደ ብልሽት ፈትቻለሁ፤ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎ የሚያደክመኝ ግን ይህ ቀላሉ ነው።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ይህን ሙያ ያስተማረኝ ሰው የለም። በልጅነቴ የተበላሸ ራዲዮ ፈትቼ ገጠምኩ፤ ከዚያ ቴፕ፣ ቴሌቪዥን፣ በኋላም ኮምፒውተር። ኮሌጅ ጨርሰው የመጡት ያቃታቸውን ይዘው ሆሳዕና ሱቄ ድረስ ይመጣሉ። ከጃጁራ እስከ ሆመቾ "ጋሽ ኤርሱሞ ካልቻለው ጣሉት" ይባላል። ይህን የሚለው እኔ ሳልሆን ሰው ነው።

ያን ሰሞን በሆመቾ አቅጣጫ ባለች አንዲት ቀበሌ የእርሻ መሬት ተለክቶ አልቆ፣ ካርታው ለሕዝብ የሚታይበት የመጨረሻ ቀን ደረሰ። ገበሬው ወሰኑን በዓይኑ አይቶ ይፈርማል፤ ቅሬታ ያለው ያስመዘግባል፤ ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል። የታተመው ካርታ አልደረሰም። የነበረው የለካው ባለሙያ ላፕቶፕ ብቻ ነው። ለመስክ ሥራ የተሠራ፣ እጀታ ያለው፣ ቢወድቅ የማይሰበር፣ ዝናብ የማይፈራ ወፍራም ላፕቶፕ ነው፤ ስክሪኑ ግን ከደብተር አይበልጥም።

ባለሙያው ደወለልኝ። ትልቁን ሞኒተሬን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ከመናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ። ስደርስ ጉልበቴ አልዘረጋ ብሎኝ ነበር።

የሞኒተሩን ገመድ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁ። ባለሙያው በራሱ ስክሪን እያየ እንዲሠራ ብዬ ሁለቱ አንድ ዓይነት ምስል እንዲያሳዩ አደረግኩ። ከሰማይ የተነሳው የመሬቱ ፎቶ ከነወሰን መስመሩ መጣ፤ ግን እንደ ጭጋግ የደበዘዘ ነበር። የወሰኑ መስመርና የእግር መንገዱ አንድ ላይ ተጣብቀዋል። አቅርበን ስናየው ምልክት የሚሆኑት ቤተ ክርስቲያኑም ወንዙም ከስክሪኑ ይወጡና ሰው የራሱ መሬት የቱ እንደሆነ ይጠፋዋል። ስናርቀው መስመሩ ይጠፋል።

ሪዞሉሽኑን፣ ማለትም የምስሉን ጥራት፣ ከፍ ላድርገው ብዬ ዝርዝሩን ብከፍት ከ1024 በ768 በላይ የለም። ሞኒተሬ 1920 በ1080 ያሳያል፤ ሱቄ ውስጥ ስንቴ አይቼዋለሁ። ገመድ ቀየርኩ። ላፕቶፑን አጥፍቼ አስነሳሁ። ስክሪኑን የሚያዘውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ አራግፌ እንደገና ጫንኩ። ያው ነው። ወገቤ ተቆረጠ፤ ዓይኔ ማልቀስ ጀመረ። ሰዉ ግማሹ "ይሁን፣ ደህና ነው" እያለ ፈርሞ ወደ ቤቱ ሄደ።

አልፈርምም ያለችው ወይዘሮ ታደለች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከእግር መንገዱ ማዶ አንድ መደብ እንሰት አላት። እሱ መሬት ከባሏ ወንድም ይዞታ ጋር ተቀላቅሎ ይሆናል ብላ ሰግታለች። ሰውየውም እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል።

"ዛሬ ካልተቃወሙ መስመሩ እንዳለ ይጸድቃል" አላት ባለሙያው።

"ያላየሁትን ምን ብዬ ልቃወም? ያላየሁትንስ ምን ብዬ ልፈርም?" አለች።

ከጠዋት ጀምራ ከኋላዬ ቆማ ታየኝ ነበር። በመጨረሻ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ትልቁ ትንሹ ያለውን ብቻ ነው እኮ የሚደግመው። ትንሹን ያጥፉትና ትልቁ የራሱን ያሳይ" አለችኝ።

ደክሞኛል፤ ተናድጃለሁ። "እህቴ፣ ይሄ ኮምፒውተር ነው፤ እንሰት መፋቅ መሰለሽ?" አልኳት። ሰዉ ሳቀ።

"እንሰትማ ቢሆን እስካሁን ፍቄ በጨረስኩ ነበር" አለች። አሁን ሰዉ የባሰ ሳቀ፤ በእኔ።

ስህተቷን ላሳያት ብዬ ብቻ የላፕቶፑን ስክሪን አጥፍቼ ምስሉ በሞኒተሩ ብቻ እንዲታይ አደረግኩ። ትንሹ ጨለመ። ትልቁም ጨልሞ ቆየና ተመልሶ በራ። ዝርዝሩን ስከፍት 1920 በ1080 እዚያው ተቀምጧል።

ነገሩ ገባኝ። ሁለቱ አንድ ምስል እስካሳዩ ድረስ ትልቁ ከትንሹ አቅም ማለፍ አይችልም። ከልካዩ ሌላ ምንም አልነበረም፤ የሰጠሁት ትእዛዝ ነው።

ምስሉ ጠራ። መንገዱ ለብቻው፣ ወሰኑ ለብቻው፣ እንሰቱ ነጠብጣብ ሆኖ ታየ። ወይዘሮ ታደለች ቀርባ ጣቷን አሳረፈች።

"እንሰቴ ይኸው። በማን ስም ነው ያለው?"

ባለሙያው የባሏን ወንድም ስም አነበበ።

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ፣ "ወሰኑ መንገዱ ነው ብዬ ነው" አለ።

"የተከልነው አንተም ባለህበት ነው" አለችው። ቅሬታዋ ተመዘገበ። በኋላ እንደሰማሁት ሽማግሌዎች ባሉበት እንደገና ተለክቶ መደቡ ወደ እሷ ተመልሷል።

ያን ቀን ግን ባለሙያው ተነስቶ፣ "ጋሽ ኤርሱሞ ባይኖሩልን ጉድ ሆነን ነበር!" አለ። ሁሉም አጨበጨቡ። እኔም ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ ነሳሁ። እሷም አጨበጨበች። "እሷ ናት የነገረችኝ" ለማለት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት።

ከዚያ ወዲህ ታሪኩን መናኸሪያው አጠገብ ባሉ ሻይ ቤቶች ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ፤ አንድም ጊዜ እሷን አላነሳሁም። አንዳንዱ ሰው በሌለሁበትም ይተርከዋል አሉ። ሲያመሰግኑኝ ድሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ያንን ሞኒተር ዳግመኛ ጭኔ ላይ ያስቀመጡብኝ ይመስለኛል።

በሙያዬ ዛሬም እኮራለሁ። በዚህ ከተማ የሚስተካከለኝ የለም። ጊዜ ባገኝ እደርስበት ነበር እላለሁ። ያን ቀን ግን አልደረስኩበትም፤ የመጨረሻው ቀንም ሊያልፍ ነበር።

ወይዘሮ ታደለች ማንበብ አይችሉም። ይህ ከታተመ ግን የሚያነብላቸው አያጡም። እንግዲህ ይስሙኝ፤ ያን ዕለት አንቺ ብዬ ያሾፍኩብዎት እኔ ነኝ፤ መፍትሔው የእርስዎ ነበር።