ያልሣላት ንግሥት

ሕንድ አገር፣ ኡዳይፑር ከተማ ውስጥ፣ ከሐይቁ ጀርባ ባለች ጠባብ ቤት ወለል ላይ ተቀምጠን ትንንሽ ሥዕሎች የምንሥል አምስት ነበርን። ከመካከላችን ሽማግሌው የመጣው ባለፈው ክረምት ነበር። ስሙን ብንጠይቀው "ምን ያደርግላችኋል?" ብሎን ቀረ። ሻይ ሲፈላ ምድጃውን ሸሽቶ ደጅ ይወጣ ነበር፤ ብርጭቆውን የሚያነሳው ከቀዘቀዘ በኋላ ነበር። ከሽኮኮ ጭራ በተሠራች ቀጭን ብሩሽ በጥንቱ የንጉሥና የንግሥት ታሪክ ውስጥ የሚዘምተውን የጦጣዎች ሠራዊት ፀጉር በፀጉር ሲሥል ግን እጁ ንቅንቅ አይልም ነበር።

ከዚሁ ታሪክ አንዲት ገጽ ብቻ አይነካም ነበር፤ ንግሥቲቱ ንጽሕናዋን ለባሏ ልታስመሰክር እሳት ውስጥ ገብታ ሳትቃጠል የምትወጣባትን። ባለፈው ወር አሠሪያችን ሱጃንማል ይህችኑ ገጽ እንዲሥላት ሰጠው።

"እምቢ ካልክ ነገ እንዳትመጣ!" አለው።

ሦስት ቀን ሠራ። ነበልባሉን በወርቅ ቀለም፣ ባልየውን እንደ ወጉ በሰማያዊ ሣለ፤ የሚያለቅሰውን ሕዝብ አንድ በአንድ ደረደረ። የእሳቱን መሐል ግን ነጭ አድርጎ ተወው።

"ሴትዮዋስ?" አለ ሱጃንማል።

ሽማግሌው ብሩሹን አጥቦ በጨርቅ ጠቀለለ።

"እኔ አማቶቿ ቤት ስደርስ አመድ ነው ያገኘሁት፣ ጌታዬ" አለ። "ልጄ ገና ሃያ ዓመቷ ነበር።"

ጫማውን አጥልቆ ወጣ። አንዳችንም አልተከተልነውም።

ሱጃንማል ገጿን ወደ እኔ ገፋት። ንግሥቲቱን ፈገግ ብላ ከእሳቱ ስትወጣ ሣልኳት። በሳምንቱ አንድ አባት ገጿን ለሴት ልጁ የሠርግ ስጦታ ገዛት።