አሥራ ሁለተኛው ሸሚዝ

አክስቴን ሰፈሩ «መቀሷ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ለእጇ ይሁን ለምላሷ እስከ ዛሬ አልተወሰነም። እኔ ጓሮዋ ባለችው ክፍል መኖር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛልና ለሁለቱም እመሰክራለሁ። ሥራዋ ስፌት ነው፤ ያውም አዲስ ጨርቅ የማይነካ ስፌት። «አዲስ ጨርቅማ ማንም ይሰፋዋል» ትላለች። የእሷ ፍቅር አሮጌ የወንድ ሸሚዝ ነው። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ስትል ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው ኮሌታው ላይ ነው። ጫፉ ተበልቶ ካየችው «ይሄ ሸሚዝ ብዙም ሳይቆይ እጄ ይገባል» ብላ በጆሮዬ ሹክ ትለኛለች። ሰውየው ጤናው አሳስቧት ትክ ብላ ያየችው ይመስለዋል።

ባሏ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ያገለገለ ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ ሁለት ውሃ ሰማያዊ ሸሚዝ ይሰጠው ነበር። ጡረታ ሲወጣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ የአብዛኞቹ ኮሌታ ጫፉ ቢበላም ደህና ደህና የሆኑ አሥራ ሁለት ሸሚዞች ቀርተውት ነበር። አክስቴ የአሥራ ሁለቱንም ኮሌታ በቃሏ ታውቀዋለች።

የስንብቱ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ንግግሩን መሃል ላይ አቋርጦ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ሄደ። ለጋሼም የግድግዳ ሰዓት ተሰጠው፤ ከእንግዲህ የሚረፍድበት ቦታ ለሌለው ሰው ሰዓት! ቤት እንደገባ ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ዳግመኛ እዚያ ደጃፍ ብደርስ እኔ ሰው አይደለሁም!» አለ። ማንም ሳይጠይቀውም «እነዚያንም ሸሚዞች እንዳላያቸው። ቆራርጪያቸው!» ብሎ ጨመረበት።

«ማልልኝ» አለች አክስቴ።

«ይኸው ምያለሁ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መሐላው ሳይበርድ መቀሱ ተስሎ ነበር።

በሰባት ወር ውስጥ ያልሆኑት ነገር የለም። የአንዱ ፊት ለፊት የትራስ ልብስ ሆነ፤ ቁልፎቹ አብረውት ስላሉ ዚፕ አያስፈልገውም። የሌላው ጀርባ ለዳቦ ቤቷ ሴትዮ ሽርጥ ወጣው። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ ከእጅጌዎቹ የደብተር ቦርሳ ተሰፋልኝ። ኪሶቹን ደግሞ አንድም አልጣለችም፤ ሰፊ ጨርቅ ላይ በረድፍ በረድፍ ሰፍታ በሩ አጠገብ ሰቀለቻቸው። አንዱ የመነጽሯ፣ አንዱ የቁልፍ፣ አንዱ የጋሼ መድኃኒት ነው። አሥራ አንድ ኪሶች ነበሩ፤ የመጨረሻው ረድፍ ላይ የአንድ ኪስ ቦታ ባዶ ቀርቷል። አክስቴ ቆጠራ ተሳስታ አታውቅም። እኔ ግን እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

ኮሌታዎቹ ሥራ ሲያጡባት አንዱን የጎረቤታችን የነርሷ ውሻ አንገት ላይ ቆለፈችው። ውሻው ትልቅ፣ ወፍራም፣ ሰው ሲያልፍ ቀና የማይል ፍጡር ነው። ኮሌታውን ባደረገ በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ «ሥራ አስኪያጁ» አለው። ጋሼ ይህን የሰማ ዕለት ከጡረታው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ማለዳ ማለዳ እየወጣ «እንደምን አደሩ ጌታዬ?» እያለ ዳቦ ይቆርስለት ጀመር።

አንድ እሑድ፣ ምሳ በልተን እንደተነሳን፣ ስልክ ጮኸ። እውነተኛው ሥራ አስኪያጅ ነበር። አንድ ፋይል ጠፍቷል። በጋሼ ቦታ የገባው ሠራተኛ ሳምንት ሙሉ ፈልጎ አጥቶታል፤ ባለጉዳዩ ደግሞ ነገ ይመጣል። «እባክህን፣ ያለ አንተ አልሆነም» ሲል ድምፁ ለሁላችንም ተሰማን። ጋሼ አክስቴን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ከዚያም «እመጣለሁ» አለ።

ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ በርቶ ነበር። ወዲያው ግን ጨለመ።

«ምን ለብሼ?»

ልጃቸው የገዛችለት ባለ መስመር ሸሚዝ አለ። አይሆንም አለ። «ሠላሳ አንድ ዓመት በሰማያዊ የገባሁበትን በር በመስመር ልግባው? እንደ ባለጉዳይ በመስኮት ሊያናግሩኝ ነው?» ድምፁ ተሰበረ። ይህ ሰው ሰባት ወር ሙሉ የጠበቀው ይህንን ስልክ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

አክስቴ ነገር ሳትወጋ ማለፍ አይሆንላትምና «ለመሆኑ የማለው ማን ነበር?» አለች። ቀጥላ ግን መነጽሯን ከግድግዳው ኪስ መዘዘች። «ለነገ ጠዋት ሰማያዊ ሸሚዝ አለህ። አሁን ውጣልኝና ጸጉርህን ተስተካከል።»

እሱ ሲወጣ እኔ ትራሱን ላመጣ መኝታ ቤት ተላክሁ። ትራሱ በአልጋውና በግድግዳው መሃል ገብቷል። ልስበው እጄን ስሰድ ፍራሹ ስር አንድ ነገር ነካሁ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ሸሚዝ! ሰማያዊ፣ ኮሌታው፣ ኪሱ፣ ሁለት እጅጌው ከነሕይወቱ። እየሮጥኩ ሄድኩ።

«አክስቴ! ተገላገልን!»

ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም።

«መልሺው።»

«ምን?»

«ያገኘሽበት መልሺው። እጥፋቱን እንዳታበላሺ፤ የተኮስኩት እኔ ነኝ።»

ለካስ ጋሼ በማለ በማግስቱ አንዱን ሸሚዝ ከቁም ሳጥኑ ሰርቆ ደብቆ ኖሯል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት! አልጋውን በየቀኑ የምታነጥፈው ማን እንደሆነች ረስቶታል። እሷም ጸጉሩን ሊስተካከል በወጣ ቁጥር እያወጣች ተኩሳ ትመልሰዋለች።

«ታዲያ አሁን ብናወጣው ምን አለበት? ለምን እንደክማለን?»

«እኔ ካወጣሁት አዋረድኩት። ምሎ የደበቀ ሰው ራሱ ያውጣው። አላወጣም ካለ ደግሞ ባሌን በመስመር አልሰደውም። ሁለቱም ይኑሩለት፤ የፈለገውን ይልበስ።»

እኔ የትኛውን እንደሚለብስ አልጠፋኝም። ሙሉ ሸሚዝ እያለው የተለጣጠፈ ለብሶ አለቃው ፊት የሚቆም ማን ሞኝ አለ? እጅሽ አመድ አፋሽ ሊሆን ነው ብላት «ዝም ብለሽ ተርትሪ» አለችኝ። ቦርሳዬን በገዛ እጄ ተረተርኩት።

የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ሽርጧን ስንጠይቃት «ለባልሽ? ዳቦ ሊጋግር ነው?» ብላ አስር ጊዜ አስደገመችን፤ መጨረሻ ላይ ግን ፈታ ሰጠችን። የቸገረው ኮሌታው ነበር። ከቀሩት ኮሌታዎች ጫፉ ያልተበላ ውሻው ያደረገው ብቻ ነው፤ ውሻው ደግሞ ሹመቱን አልለቅም አለ። እኔ ስጠጋው አጉረመረመብኝ። በመጨረሻ አክስቴ፣ ያቺ ወንበር ላይ ለመቀመጥ እንኳ ጉልበቷን ይዛ «ኧረ እኔን» የምትል ሴት፣ መንገድ ዳር አፈር ላይ ተንበረከከች። «ጌታዬ፣ ለአንድ ቀን ብቻ» እያለች ለመነችው። በአጥንት ተደራደርን። ነርሷ በሯን ተደግፋ እስክታነባ ሳቀች።

እራት ሳይቀርብ ሸሚዙ አለቀ። ውሃ ሰማያዊ የሚባለው ቀለም ስንት ዓይነት እንደሆነ ያን ዕለት አየሁ። ፊቱ ደማቅ፣ ጀርባው ፈዘዝ ያለ፣ ሁለቱ እጅጌዎች እንኳ እርስ በርስ የማይተዋወቁ። ኪሱን ከግድግዳው ነቅላ ሰፋችው። ኮሌታው ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ ተተኩሶም፣ ሲጠጉት ትንሽ ውሻ ውሻ ይላል። መኝታ ቤታቸው በር ላይ ሰቀለችውና ስለ ሸሚዝ ሌላ ቃል ሳትናገር እራት አቀረበች።

ጠዋት ቁርስ ላይ ተቀምጠን የመኝታ ቤቱን በር እናያለን። አክስቴ ሻይዋን ታማስላለች፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። ጋሼ ከተለመደው በላይ ዘገየ። ፍራሹ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ ጋዜጣውም ሲንኮሻኮሽ። አክስቴም ሰምታለች፤ ማንኪያው ቆመ።

በሩ ተከፈተ። ጋሼ የተለጣጠፈውን ለብሶ ወጣ። እስከ አንገቱ ቆልፎታል፣ እስክሪብቶውንም ኪሱ ላይ ሰክቷል።

የአክስቴ ምላስ የት እንደገባ እንጃ። ተነሥታ ደህና የነበረውን ኮሌታ አስተካከለችለት።

«አይጎረብጥህም?»

«አይጎረብጥም።»

እሱ ሲወጣ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ ምን ይደረግ።

ለምሳ ሲመለስ አረማመዱ ሌላ ነበር። ፋይሉን ያገኘው ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ ባልቆየ ጊዜ ውስጥ ነው። አዲሱ ሠራተኛ በፊደል ተራ ሲፈልግ ሰንብቷል፤ ጋሼ ግን የጮኸበትን ባለጉዳይ ፋይል ሁሉ ታችኛው መደርደሪያ፣ ከበሩ ኋላ ነው የሚያስቀምጠው።

«ሸሚዙንስ ምን አሉ?» አልኩት።

«ሥራ አስኪያጁ ትክ ብሎ አየኝና ‹አዲስ ፋሽን ነው?› አለኝ። ‹ኮሌታውን አለቃ ነው ያዋሰኝ› አልኩት።»

ቀጥሎ መኝታ ቤት ገብቶ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ይዞ መጣ። አክስቴ ፊት አስቀመጠው።

«ይሄን ፍራሹ ስር አገኘሁት። ማን እንዳስቀመጠው እንጃ።»

«እኔም እንጃ» አለች። «አይጥ ትሆናለች።»

«ካውያ ያላት አይጥ?»

አክስቴ ዞራ እኔን አየችኝ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እኔ ምንም አላወራሁም!

«ከጸጉር ቤት ስመለስ አየሁሽ» አለ ጋሼ ቀስ ብሎ። «በዚያ ጉልበትሽ ውሻ ፊት ተንበርክከሽ። ከዚያ ወዲያ ይሄን እንዴት ልልበስ? በይ ቁረጪው።»

መቀሱ አጠገቧ ነበር። አልነካችውም። ሸሚዙን መልሳ በጋዜጣው ጠቀለለችው።

«ሂድ ያገኘህበት አድርገው። ነገ ደግሞ ሲደውሉልህ ሁለተኛ ውሻ አልለምንም።»

ውሻው ኮሌታውን በዚያው ዕለት መልሶ ተረከበ። ግድግዳው ላይ አሁን አሥር ኪሶች አሉ። ሸሚዙም ፍራሹ ስር ነው። ጋሼ፣ ከግንባሩ በላይ የሚስተካከል ብዙ ነገር የሌለው ሰው፣ ሰሞኑን በየሳምንቱ ጸጉር ቤት ይሄዳል። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ «እቆያለሁ» ይላል፤ አክስቴም ካውያውን ታሞቃለች።