የእትዬ ያልጋነሽ ትንፋሽ

ልጅ ሳለሁ ጭስ እወድ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ግን እወድ ነበር። የምንኖረው ሽንፋ አጠገብ፣ ሰሊጥና ማሽላ በሚታረስበት ቆላ ነበር፤ ዘመኑ የደርግ፣ ክረምቱ የወባ። ቀድሞ በየዓመቱ እየመጡ ግድግዳችንን መድኃኒት ይረጩልን የነበሩት ሰዎች ጦርነቱ መንገዱን ከዘጋው ወዲህ ቀርተዋል። የቀረን ጭስ ብቻ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በየጎጆው ሰባራ ገል ላይ ኩበት ይለኮሳል፣ እርጥብ የኒም ቅጠል ይጣልበታል፣ በሩ ይዘጋል። ቢንቢው ይሸሻል፤ እኛ ዓይናችንን እያሸን እንቀመጣለን።

የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ያልጋነሽ ከወገራ ደጋ የወረዱት በሙሽርነታቸው ነው። ልጅ ሳይወልዱ ባለቤታቸው ሞተውባቸው በእኛው ግቢ ባለች ጎጆ ይኖሩ ነበር። ሲመሻሽ እኔና ሁለቱ ታናናሾቼ ተረት ፍለጋ እሳቸው ዘንድ እንሰበሰባለን። ያኔ ትንፋሻቸው ረጅም ነበር፤ ጥርሱን ሽጦ ጨው ሊገዛ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ገላባት የወረደውን ዝሆን ከወንዙ አስነስተው ገበያው መሀል እስኪያደርሱት አንድም ቦታ አያርፉም። ከሳቅ ብዛት ኩራዙን አንድ ሁለቴ ገልብጠናል።

«ጭሱ ሲያልቅ ተረቱም ያልቃል፤ ከዚያ ወደ መኝታ!» ይሉን ነበር። እኔ ታዲያ ቀን የሸመጠጥሁትን ቅጠል በቀሚሴ ስር ሸሽጌ እገባለሁ። እትዬ ሳል ሲይዛቸው ነውር እንዳይሆንባቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ያኔ እፍኝ ሙሉውን ገሉ ላይ ጣል አደርጋለሁ። ሲመለሱ ጭሱ እየተንቦለቦለ ይቆያቸዋል፣ ተረቱም ይቀጥላል። በብልጠቴ እኮራ ነበር።

ክረምት አልፎ ክረምት ሲተካ ሳሉ ጠዋትም ይመጣ ጀመር። እትዬ ከወንዝ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ ሁለት ሦስት ቦታ ያርፋሉ፤ ሲተነፍሱ ደረታቸው ሲያፏጭ ከበር ይሰማል። ጎረቤቱ «የሳንባ ነቀርሳ ነው» ብሎ ተንሾካሾከ። እናቴ እንኳ የሚጠጡበትን ጣሳ ለየችባቸው። እኔ ደግሞ ይሞቱብኛል ብዬ ፈራሁ። በመጨረሻ አባቴ ሰሊጥ በጫነ መኪና አሳፍሮ መተማ ዮሐንስ ለሕክምና ወሰዳቸው፤ እኔም ደግፌ እንድይዛቸው አብሬ ሄድሁ።

አክታቸው ሲመረመር ነቀርሳ አልተገኘበትም። የሚያክማቸው የክሊኒኩ ድሬሰር ጀርባቸውን ደጋግሞ አዳመጠና፣

«ትንባሆ ያጨሳሉ?» አላቸው።

«እኔ? ምን ቆርጦኝ!»

«ቤትዎ ውስጥስ ጭስ አለ?»

«ጭስ የሌለበት ቤት አለ እንዴ?»

ለዓመታት የሳቡት ጭስ የአየር ቧንቧቸውን እንዳጠበበው፣ የተጎዳው ተመልሶ እንደማይድን፣ ጭሱ ከቀረ ግን ቶሎ እንዳይብስባቸው ሊረዳ እንደሚችል ነገራቸው። «ወባውስ? እነዚህን ልጆች ወባ ይፍጃቸው?» አሉት። ያኔ በዚያ አገር ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው የነበረ አይመስለኝም። እኔ ግን የማስበው በቀሚሴ ስር ሸሽጌ ስለማስገባው ቅጠል ነበር።

እንደተመለስን አባቴ ግቢው ውስጥ ራኩባ ሠራላቸው፤ አራት ቋሚ እንጨት፣ ከላይ ሣር፣ ግድግዳ የሌለው። አየር እንዲያገኙ እዚያ ይቀመጡ ጀመር፣ ቢንቢው እየነከሳቸው። በመጀመሪያው ምሽት ተረት የጠየቀ ልጅ አልነበረም። ታናናሾቼ ወደ ቤት ሲገቡ እኔ ቀረሁ።

«እትዬ፣ ሲያስሉ ጠብቄ ቅጠል የምጨምረው እኔ ነበርሁ» አልኋቸው። እንባዬ ቀደመኝ።

እጄን ያዙኝ። «አውቃለሁ እኮ ልጄ። ጭሱ ሲያልቅ ትታችሁኝ ትሄዱ የለ?»

እሳቸው ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ሐኪም የሆነች ወዳጄ የጎዳቸው የእኔ እፍኝ ቅጠል ሳይሆን የዕድሜ ልክ የምድጃ ጭስ ነው ትለኛለች። እውነቷን ይሆናል፤ ጸጸቱ ግን አልለቀቀኝም። አሁን ሳስበው ለካ እሳቸውም እንደ እኔ ምሽቱ እንዲረዝም ይፈልጉ ነበር፤ የከፈሉበት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ከተረቶቻቸው ግማሹን ረስቻለሁ። ያን ማታ የሰጡኝን መልስ ግን እንዴት እረሳዋለሁ? ያቺን አጭር መልስ ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ቆመው ተንፍሰዋል።